ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ወራሪን በጠመንጃ፣ የአገር ቤት ግፍን በብዕር የታገሉት ደራሲ

በ1958 ዓ.ም. “ፍቅር እስከ መቃብር” ታትሞ ለአንባቢ ሲደርስ ደራሲው ክቡር አቶ ሐዲስ ዓለማየሁ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከ20 ዓመታት በላይ አገልግለው ነበር። ቆንስል፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። ከዚያም በፊት አገራቸውን ከፋሺስት ወራሪ ለመከላከል ዘምተው፣ ተማርከው፣ በጣልያን ደሴቶች ላይ ለዓመታት ታስረዋል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ልቦለድ ሲጽፍ አንባቢ የሚጠብቀው ስለ አርበኝነትና ስለ ነጻነት የሚተርክ ድርሳን ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ አገር ቤት መለሱ። በመጽሐፋቸው ውስጥ ገበሬውን የሚያስጨንቀው ባለ ጉልት የውጭ አገር ሰው አይደለም። ያው አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጣ የአገር ልጅ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት ከዚህ ምርጫ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ባዕድ ገዢ ከተባረረ በኋላ በአገሬው ሰው መካከል ያለው የበላይና የበታች ሥርዓት ምን ይሁን? ይህን ጥያቄ በአማርኛ ልቦለድ እንደ እሳቸው አድርጎ በሰፊው ያነሣ የለም ማለት ይቻላል።

ከቄስ ልጅነት እስከ ዲማ

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለች አጥቢያ ተወለዱ። አባታቸው ዓለማየሁ ሰሎሞን ካህን ነበሩ፤ እናታቸው ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። እንደ ዘመኑ የካህን ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ፊደል፣ ንባብና ዳዊት ነበር። ከዚያም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ቅኔና ሌሎችንም የቤተ ክርስቲያን ትምህርቶች ተማሩ።

የቆሎ ተማሪ ሕይወት ትምህርት ብቻ አይደለም። ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቦ፣ በየደጃፉ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ ይውላል። በዚህም የደሃውን ጎጆና የባለጸጋውን ግቢ፣ የለጋሱን እጅና የውሻውን ጥርስ አንድ በአንድ ያውቃል። ማን ምን ያህል ግብር እንደሚከፍል፣ ማን ለማን እንደሚያጎነብስ ለማየት ከተማሪ የተሻለ ቦታ ያለው አልነበረም።

በዚያ ዘመን በጎጃም አብዛኛው ገበሬ ርስት ነበረው፤ መሬቱ የአባቶቹ ነው። በርስቱ ላይ ግን ጉልት የተሰጠው ጌታ ነበረበት። ገበሬው ከምርቱ ግብር ይከፍላል፤ በዓል ሲመጣ መተያያ ይዞ ይሄዳል፤ የጌታውን እርሻ ያርሳል፤ አጥሩን ያጥራል። ጉልተኛው ብዙ ጊዜ ዳኛም ስለነበር በደል የደረሰበት ገበሬ አቤት የሚለው ለዚያው ለበዳዩ ነበር። ይህ ሁሉ በሥርዓት፣ በልማድና በእግዚአብሔር ስም የጸና በመሆኑ ግፍ ተብሎ መጠራቱ ራሱ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር።

ሐዲስ ከቅኔው ጉባኤ ያገኙት ሌላም ሀብት አለ። ቅኔ ከላይ የሚታየው ሰም፣ ከሥር የተደበቀው ወርቅ ነው። ጌታን ፊት ለፊት መንቀፍ በማይቻልበት አገር ነገርን ሸፍኖ መናገር የሊቃውንቱ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሚኒስትሩ ደራሲ በፍቅር ታሪክ ውስጥ የሥርዓቱን ፍርድ ሲያኖሩ ይህን ትምህርት አልረሱትም።

ከዲማ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በኋላም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉ “የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ” የተሰኘ ቴአትር ጽፈዋል። ጋብቻ የኅብረተሰቡን አሠራር ማሳያ የሚሆንበት አጻጻፍ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከእጃቸው አልወጣም። ከዚያም ለጥቂት ጊዜ በመምህርነት አገለገሉ።

የጎጃም ጦርና የሽሬ ዘመቻ

መስከረም 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ የነበሩት ሐዲስ የጎጃምን ጦር ከሚመሩት ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ።

ያ ጦር ሲነሣ ጀምሮ የውስጥ ቁስል ነበረበት። ጎጃም ለረጅም ጊዜ በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሥር ስትተዳደር የግብሩ ክብደት ሕዝቡን አስመርሮ ነበር። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሥተው ራስ እምሩ ሲሾሙ ደግሞ የአካባቢው መኳንንት የሸዋን ሹም በቀላሉ አልተቀበሉም። በዘመቻው መካከል ከመኳንንቱ አንዳንዱ ጦሩን ጥሎ ወደ ጎጃም ተመለሰ። ራስ ኃይሉ ራሳቸው በኋላ ከጣልያኖች ጎን ቆሙ። ወጣቱ ሐዲስ የአገር ቤት ቅሬታ ለወራሪ እንዴት በር እንደሚከፍት በዓይናቸው አዩ።

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና መተላለፊያ በቀላል ታንክ የታገዘ የጠላት ኃይል ድል መታ። ጣልያኖች ለዚህ የሰጡት መልስ ከአውሮፕላን የተጣለ የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። ወንዝ ዳር ውሃ ሊጠጣ የወረደ ወታደር እጅና ፊቱ እየተላጠ ወደቀ። የካቲት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ በሽሬ በተደረገው ውጊያ ጦሩ ተፈታ፤ ከሞት የተረፈውም በአውሮፕላን እየተሳደደ አፈገፈገ።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲሄዱ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾሟቸው። ራስ እምሩም ወደ ምዕራብ አቅንተው በጎሬ አካባቢ ትግሉን ለመቀጠል ሞከሩ። በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ መኰንኖችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች ያቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከእሳቸው ጋር ተቀላቀለ። ስንቅ በማይገኝበት፣ የአካባቢው ባላባት አንዱ ወዳጅ ሌላው ጠላት በሆነበት አገር ያ ጉዞ እስከ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ዘለቀ። በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው ራስ እምሩ እጃቸውን ሲሰጡ ሐዲስም የጣልያን ምርኮኛ ሆኑ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ እልቂት ፈጸሙ። ቀጥሎም የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ረሸኑ። ከጥቁር አንበሳ አባላትና ከሆለታ ምሩቃን ብዙዎች በዚያ ጊዜ አለቁ። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ የምትሻው የተማረ ትውልድ በአንድ ወቅት ተቆረጠ። ሐዲስ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ናቸው፤ የተረፉትም በእስር ወደ ጣልያን በመወሰዳቸው ነው።

ፖንዛና ሊፓሪ

ምርኮኞቹ መጀመሪያ የተወሰዱት ከሮም በስተደቡብ ወደምትገኘው የፖንዛ ደሴት ነበር። ሐዲስ ከዚያ በሲሲሊ አጠገብ ወዳለችው ሊፓሪ ተዛወሩ። እነዚህ ደሴቶች የሙሶሊኒ መንግሥት የገዛ አገሩን ተቃዋሚዎችም የሚያግዝባቸው ቦታዎች ነበሩ። አንድ መንግሥት በአንድ በኩል አፍሪካዊውን በቅኝ ገዢነት፣ በሌላ በኩል የራሱን ዜጋ በአምባገነንነት አስሮ በአንድ የባሕር ወሽመጥ ያኖር ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሐዲስ አሁንም ከባሕሩ ማዶ እስረኛ ነበሩ። አገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላ እሳቸው ሁለት ዓመት ተጨማሪ ታሰሩ። የተፈቱት በ1935 ዓ.ም. የተባበሩት ኃይሎች ሲሲሊ ላይ ካረፉ በኋላ ነው። በዚያው ክረምት ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ በፖንዛ ለጥቂት ቀናት ሲታሰር፣ ያረፈው ቀድሞ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ውስጥ ነበር።

የጦርነቱንና የስደቱን ዘመን ሐዲስ ለመጻፍ አልቸኮሉም። ያን ጊዜ የሚተርከው “ትዝታ” የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ደራሲው ዕድሜያቸው ከ80 በላይ ነበር። ስለ ወራሪው ከመተረካቸው በፊት ስለ አገር ቤቱ ሥርዓት መጻፍን አስቀደሙ።

በመንግሥት ሥራ

ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንግሥት የተማረ ሰው አጥቶ ነበርና ሥራ ወዲያው ተሰጣቸው። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ። ከዚያም በዋሽንግተን በኢትዮጵያ ሌጋሲዮንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘንድ አገራቸውን ወክለው በአሜሪካ ዓመታት አሳለፉ። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ያዙ፤ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ በለንደን አምባሳደር ሆነው አገለገሉ፤ ሲመለሱም የፕላንና ልማት ሚኒስትርነት ተሰጣቸው። በኋላ እስከ አብዮቱ ድረስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ።

በዚህ ሁሉ መካከል ብዕራቸው አልደረቀም። በ1948 ዓ.ም. “ተረት ተረት የመሠረት” የተባለው የተረት መጽሐፋቸውና ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ቤት ትርጉም የጻፉት መጽሐፍ ወጡ። ነገር ግን ስማቸውን ያገነነው ሥራ ከዚያ 10 ዓመት በኋላ መጣ።

ያ ጊዜ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በሳንሱር የሚያልፍበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአቤ ጉበኛ “አልወለድም” ታግዷል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እያሉ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ነበር። ሐዲስ ታሪካቸውን ከጣልያን ወረራ በፊት ወደነበረው ዘመን ወሰዱት። ጉልተኛው በዘመነ መሳፍንት ወግ የሚኖር የገጠር ጌታ ነው፤ ፍቅረኞቹም ከሩቅ ዘመን የመጡ ይመስላሉ። ሰሙ የቆየ ፍቅር ነው። ወርቁን ግን መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ አገኘው።

የበዛብህ እናት ስለት፣ የፊታውራሪ መሸሻ ዘር

ታሪኩ የሚጀምረው በማንኩሳ፣ በገበሬው ቦጋለ መብራቱና በባለቤቱ በውድነሽ በጣሙ ቤት ነው። ልጃቸው በዛብህ እንዳይሞትባቸው የሰጉት እናት ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ስለዚህ ልጁ ዕድሜውን በትምህርትና በክህነት እንጂ በትዳር እንዳያሳልፍ አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው። አድጎ፣ ቅኔ ተቀኝቶ፣ ድምፁና ዕውቀቱ ተመስክሮለት በዲማ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል። አስተማሪውና ተማሪዋ ይዋደዳሉ።

ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለጠያቂ ሁሉ ከልክለዋል። የሚመጣው ባል በዘር አይመጥናትም ይላሉ፤ አጥንት ይቆጥራሉ። ሰብለም በአገሩ ልማድ የማግቢያ ዕድሜዋ እያለፈ በአባቷ ቤት ትቀመጣለች። የዘር ኩራቱ የሚጎዳው ገበሬውን ብቻ እንዳልሆነ ደራሲው የሚያሳዩት እዚህ ላይ ነው። ጌታው በሌሎች ላይ ያጠረው አጥር የገዛ ልጁንም ከውስጥ ዘግቷል።

በሌላ በኩል ገበሬዎቹ አሉ። ፊታውራሪው ከልማድ ያለፈ ግብር ሲጠይቁ አበጀ በለው የተባለ የገበሬ መሪ ይነሣል። ፊታውራሪው ጦር ሰብስበው ሊቀጡ ይወጣሉ፤ የሚያገኙት ግን ሽንፈትና ውርደት ነው። በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ አራሹ የጌታውን ትእዛዝ በኅብረት እምቢ ሲልና ሲያሸንፍ የታየበት ይህን ያህል ጎልቶ የወጣ ትዕይንት ቀድሞ አልነበረም።

የሁለቱን ዓለም ግጭት የሚተነትነው ጉዱ ካሳ ነው። የፊታውራሪው ዘመድ ነው፤ የተማረ ነው፤ ከጌቶቹ ወገን ነው። ነገር ግን ልማድ የሰው ሥራ እንደሆነና ሰው የሠራውን ሰው ሊያፈርሰው እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ዘመዶቹ የሚሰጡት መልስ እብድ ብሎ መሳቅ ነው። ስሙ ካሳ ዳምጤ ሲሆን ጉዱ የሚለውን የጨመሩለት እነሱ ናቸው። ብዙ አንባቢዎች በጉዱ ካሳ ውስጥ የደራሲውን ድምፅ ይሰማሉ። ግምቱ መሠረት አለው፤ ሐዲስም ከሥርዓቱ ውስጥ ሆነው ሥርዓቱን የሚመረምሩ ሰው ነበሩና።

ፍጻሜው መራራ ነው። በዛብህ ይሰደዳል፤ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች፤ የሚገናኙት እሱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ሰብለ ትመነኩሳለች። ሕይወት የለያያቸውን መቃብር ያገናኛቸዋል። ገበሬዎቹ ፊታውራሪውን ቢያዋርዱም ሥርዓቱ ግን ቆሟል፤ የፈረሱት እሱን የደፈሩት ሰዎች ናቸው። ሐዲስ ይህን በማድረጋቸው አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ሐዘኑን ብቻ ሳይሆን ያልተፈታውን ጥያቄም ይዞ እንዲነሣ አደረጉ።

ማኒላና ዲማ

እንዲህ ያለ መጽሐፍ በሌላም አገር ተጽፏል። የፊሊፒንሱ ሐኪምና ደራሲ ሆሴ ሪዛል “ኖሊ ሜ ታንጌሬ” የተባለውን ልቦለዱን እአአ በ1887 በበርሊን፣ ተከታዩን “ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ” በ1891 በቤልጅየም ጌንት አሳተመ። ፊሊፒንስ ያኔ ከ300 ዓመታት በላይ በስፔን ሥር ነበረች። የሪዛል ቤተሰብ የሚያርሰው መሬት የዶሚኒካን መነኮሳት ይዞታ ሲሆን በኪራዩ ምክንያት ከቤታቸው እስከ መፈናቀል ደርሰዋል።

በመጀመሪያው ልቦለድ ከአውሮፓ ተምሮ የተመለሰው ክሪሶስቶሞ ኢባራ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሊሠራ ይነሣል። መነኩሴው ፓድሬ ዳማሶ ግን መንገዱን ይዘጋበታል። እጮኛው ማሪያ ክላራ ከእሱ ተነጥላ ገዳም ትገባለች። ደሃዋ ሲሳ ልጆቿ በሐሰት በሌብነት ተከሰው ሲጠፉባት አእምሮዋን ትስታለች።

የሁለቱ ደራሲዎች መንገድ ይመሳሰላል። ሁለቱም በፍቅር ታሪክ ተሸፍነው ጻፉ፤ ሁለቱም ፍቅረኛይቱን ወደ ምንኩስና ላኩ፤ ሁለቱም በቅኝ ገዢ እጅ በደሴት ላይ ተግዘዋል። ሪዛል በሚንዳናው ደሴት በዳፒታን ከ1892 ጀምሮ 4 ዓመት በግዞት ተቀመጠ፤ ታኅሣሥ 30 ቀን 1896 በማኒላ በጥይት ተገደለ፤ ዕድሜው 35 ነበር። ኢትዮጵያ ጣልያንን አድዋ ላይ ድል የመታችበት ዓመትም ይኸው 1896 ነው።

ልዩነታቸውም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሪዛል መጽሐፍ የግፉ ምንጭ በዋናነት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ መነኩሴውም ወታደሩም በስፔን ስም ያዛሉ። አድዋ ላይ ባዕድን የመለሰችው ኢትዮጵያ ግን ይህን ማመካኛ አልነበራትም። ሐዲስ የመረጡት ከባዱን በኩል ነው። ግፉን የሚሠራው ባዕድ ካልሆነ፣ ባዕድን በማባረር አይድንም።

የዚህን ታሪክ ሌላ ጫፍ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በኦሃዮዋ ኮለምበስ መሀል ከተማ ማየት ይቻላል። በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕንጻ ፊት ለፊት የዊሊያም ማኪንሊ ሐውልት ቆሟል። ማኪንሊ በዚህች ከተማ ተቀምጦ የኦሃዮ አገረ ገዢ ነበር፤ ሪዛል በተገደለበት ዓመት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተፈረመው የፓሪስ ውል አሜሪካ ለስፔን 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ፊሊፒንስን ያዘች። የመጀመሪያው ሲቪል አገረ ገዢ ሆኖ ማኒላ የተላከውም የኦሃዮ ተወላጁ ዊሊያም ታፍት ነበር። ለፊሊፒንሳውያን ገዢው ተለወጠ እንጂ ቅኝ አገዛዙ አላበቃም፤ ሰፊው የመሬት ይዞታም በጥቂት ባላባቶች እጅ ቀጠለ። ሪዛል የጻፈው የድሃና የባለጸጋ ነገር ከስፔን ጋር አልሄደም። በዚህ ነጥብ ማኒላና ዲማ ይገናኛሉ።

ከልቦለዱ በኋላ የመጣው

“ፍቅር እስከ መቃብር” በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በእውን ተነሣ። ምክንያቱ አዲስ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ነበር። ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴም ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ። በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት አካባቢዎች ግብር ሰብሳቢዎችን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። አመፁን ልቦለዱ ቀሰቀሰው ለማለት ማስረጃ የለም። ሚኒስትሩ የተወለዱበትን አገር ምሬት በትክክል ማወቃቸውን ግን ታሪኩ መሰከረላቸው።

የዘውዱ ሥርዓት በ1966 ዓ.ም. ሲናወጥ ሐዲስ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚመረምር መጽሐፍ አወጡ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ጠይቋቸው እንዳልተቀበሉ ይነገራል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አብረዋቸው በመንግሥት ሥራ የኖሩ ሰዎች፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጭምር፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጉልትና ጭሰኝነት ቀሩ።

ፊታውራሪ መሸሻ የቆሙበት መሠረት በአዋጅ ፈረሰ። ፍትሕ ግን አልተከተለም፤ ሌላ ጌታ ተተካ። ሐዲስ በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት ሁለተኛ ረጅም ልቦለድ “ወንጀለኛው ዳኛ” ይባላል። የርዕሱን ሁለት ቃላት አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጣቸው በዚያ ዘመን ለነበረ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ “የልም ዣት” ታተመ።

በእሳቸው ሕይወት ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ሥርዓቱ ግፍ እንደሚሠራ እያወቁ ለምን ያን ያህል ዘመን አገለገሉት? ልጃቸውን እንደ ከለከሉት ፊታውራሪ ያሉ ጌቶች የተቀመጡበትን ምክር ቤት ለምን ተካፈሉ? መልሱን ከሥራቸው መገመት ይቻላል። የተማረ ሰው ባለቀበት አገር ከመንግሥት ውጭ የሚሠራ ነገር ብዙ አልነበረም፤ ለውጥም ከላይ በጥናትና በትምህርት ይመጣል ብለው ከሚያምኑት ትውልድ ነበሩ። ያ ተስፋ አልያዘም። ነገር ግን ተስፋቸው ሲከሽፍ ያዩትን ከመጻፍ አልታቀቡም፤ ሥልጣን ላይ ሳሉ መጻፋቸውም ለራሳቸው አደጋ ነበረው።

በድምፅ የኖረ መጽሐፍ

ፊሊፒንስ እአአ በ1956 ባወጣችው ሕግ የሪዛል ልቦለዶች በየትምህርት ቤቱ እንዲነበቡ አድርጋለች። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ሥራ የሠራው ሬዲዮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ገበሬ የበዛብህንና የሰብለን ታሪክ ሰማ። መጽሐፉ ስለ እሱ የተጻፈው ሰው ዘንድ የደረሰው በዚያ መንገድ ነው። ዛሬ ያው ትረካ በበይነ መረብ ላይ ይገኛል፤ በዋሽንግተንም በኮለምበስም የሚኖር ኢትዮጵያዊ መኪና እየነዳ ወይም በሌሊት ፈረቃ ሥራው ላይ ሆኖ ሊሰማው ይችላል። ልቦለዱ ወደ እንግሊዝኛም ተተርጉሟል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይ ልጅ አልወለዱም። የመጨረሻ ዓመታቸውን ከሥልጣን ርቀው በጸጥታ አሳለፉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲያርፉ ዕድሜያቸው 94 ነበር። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሟል።

ሦስት መንግሥታትን ተሻግረው ኖሩ፤ አንድ የቅኝ ግዛት ወረራ ተዋጉ። ጉልት ከቀረ 50 ዓመት አልፎታል። ይሁን እንጂ ማን ከማን ይበልጣል፣ ዳኛው ራሱ ቢበድል ወዴት ይጮኻል፣ የጉዱ ካሳን ዓይነት ሰው እብድ ከማለት በፊት ማን ያዳምጠዋል የሚሉት ጥያቄዎች በአገር ቤትም በስደትም ባሉ ኢትዮጵያውያን መካከል ዛሬም ይነሣሉ። “ፍቅር እስከ መቃብር” ከ50 ዓመታት በላይ ከአንባቢ እጅ ያልወጣው በፍቅር ታሪኩ ውበት ብቻ አይደለም፤ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ገና ስላልተገኘላቸውም ጭምር ነው።